ቁሌቱ ካለ እንግዳ አያስደነግጥም

ከሳሪስ ጓዳዎች፦ ስለ ሰው መጥራት፣ ስለ ወጥና ስለ ጊዜ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ሳሪስ ውስጥ ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት ማግኘት ይከብዳል። ባቡሩ ቆሞ በሩ ሲከፈት ከሚወርደው ሰው ብዙው ፌስታል ወይም ዘንቢል አንጠልጥሏል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ሲባል የጉልት ሻጮች ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርበሬ የሚያስፈጩ ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተራ ይጠብቃሉ። አንዲት ወጣት ከጉልቷ ፊት ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት ትመርጣለች።

«ለምን ፈልገሽው ነው?» አሏት ሻጯ።

«ለዶሮ ነው እማማ፤ ነገ ሰው ይመጣብኛል።»

«እንግዲያ ያንን ተይው፣ ውሃ ነው። ደረቁን፣ ትንንሹን ልምረጥልሽ። ለመላጥ ያስቸግርሻል እንጂ ቁሌቱ ያምራል።»

እኔን ያቆመኝ «ይመጣብኛል» ያለችበት ድምፅ ነው። ደስታም ጭንቀትም ነበረበት። ሰፈራችን ውስጥ ይህን ድምፅ አዘውትሬ እሰማዋለሁ። ሰው ወደ ቤቱ ሰው መጥራት ይወዳል፤ ቀኑ ሲቀርብ ግን ይጨነቃል። ቤቱ አልተቀባም፣ ሶፋው አርጅቷል፣ ዶሮ ተወዷል፣ የእረፍት ቀን አንድ ናት፣ እሷም ለልብስ አጠባና ለእንጀራ ነው የምትበቃው። ስለዚህ ግብዣው ለፋሲካ ይባላል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ይተላለፋል። እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል፤ አንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ጓደኛሞች የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ይሆናል።

የኑሮ ውድነቱ እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ሰው መጥራት የከበደን በገበያው ዋጋ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ግብዣ ስንል በዓይናችን የሚመጣው ትልቅ ድግስ ስለሆነ ነው። መሶቡ ካልሞላ፣ ወጡ ሦስት አራት ዓይነት ካልሆነ፣ ዶሮ ካልተሠራ እንግዳውን የናቅነው ይመስለናል።

ይህ ልክ ከየት እንደ መጣ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ጥሩ ነው። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ድግስ ደግሰው ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚሁ ድግስ ጽፈዋል። በእርሳቸው አስተያየት ያ ማዕድ መብል ብቻ አልነበረም፤ ከየአገሩ የመጣው እህል፣ ቅመም፣ ማርና ሥጋ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የመንግሥቱን ስፋት የሚያሳይ ነበር። እንዲህ ያለ ግብር ከኋላው ስፍር ቁጥር የሌለው የጓዳ ሠራተኛ አለው፤ ወጥ ሠሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ እንጨት ለቃሚው ሁሉም ለየብቻ ናቸው። እኛ ዘንድ የቀረው የማዕዱ ልክ ነው፤ ሠራተኞቹ የሉም። ያን ሁሉ ሙያ ዛሬ ሳሪስ ውስጥ አንዲት ሴት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሥራ ውላ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ልትወጣው ትሞክራለች።

ሳሪስ ለማዕድ የተመቸ ሰፈር ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ከደቡብና ከምሥራቅ ወደ ከተማዋ ከሚገባው ምግብ ብዙው በደጃፉ ያልፋል። የአድኣ ማኛ ጤፍ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬው የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም መነሻው እዚሁ መስመር ላይ ነው። የቢሾፍቱ አካባቢ የዶሮ እርባታዎችም ሩቅ አይደሉም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአደይ አበባ፣ በሳሪስና በአቦ በኩል ቃሊቲ ስለሚደርስ፣ ፒያሳ ያለ ዘመድ የታክሲ ሰልፍ ሳይዝ ቡና ሊጠጣ መምጣት ይችላል። ወሩ በገባ በአምስት ሳሪስ አቦ ለመሳለም ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው ብዛት የሚታወቅ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ነው እግረ መንገዱን የዘመድ ቤት የሚያንኳኳው? የሰፈሩ እናቶች በዚያ ቀን ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ እንደማይጠፋ ስለሚያውቁ የሆነ ነገር አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

የሆነ ነገር አዘጋጅቶ መጠበቅ የሚባለውን በቅርበት ያየሁት ከጎረቤቴ ጓዳ ነው። ሁለት ልጆች አሏት። አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ ትሠራለች፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ማታ። እንዲህም ሆኖ ቤቷ ሰው አይጠፋበትም። ምስጢሩን ስጠይቃት ወደ ፍሪዘሯ ወስዳ አራት የፕላስቲክ ዕቃ አሳየችኝ። በሁሉም ውስጥ ያለው ቁሌት ነው።

አሠራሩን እንደ ነገረችኝና እንዳየሁት ላስቀምጠው። በአንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ይላጣል፤ ይደቃል። ትልቁ ልጇ አሥራ አምስት ዓመት አይሞላውም፣ ግን መክተፊያውን ይዞ ዓይኑን እያሸ ይከትፋል። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው በድስቱ ውስጥ በመካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፣ ቀጥሎ ያንኑ ውሃ እየመጠጠ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ወርቃማ ይሆናል። ይህ ብቻ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማማሰያው ከእጅ አይለይም። ከዚያ ዘይት ይገባል፣ ቀጥሎ በርበሬ፤ ጠብታ ጠብታ ውሃ እየተደረገ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨረሻ ላይ ይጨመራሉ።

«ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው» አለችኝ ማማሰያዋን እያዞረች። «በርበሬው ካልበሰለ ሆድ ያቃጥላል። ሽንኩርቱ ካልሟሟ ወጡ ውሃና ሽንኩርት ሆኖ ለየብቻው ይቆማል። ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ታዲያ ጊዜ የሚበላውን ነገር አንዴ ካቃለልሽው፣ ሰው ቢመጣ ምን ያስደነግጥሻል?»

ትልቁ ብልሃት ደግሞ ቅቤ አለመግባቱ ነው። ቁሌቱ በዘይት ብቻ ስለሚሠራ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ረቡዕ እንግዳ ከመጣ ምስር ይገባበታል፤ እሑድ ከመጣ ዶሮ። ቅቤው፣ ኮረሪማውና መከለሻው የሚጨመሩት ወጡ ሲሠራ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ በሚጾሙበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጾምን አስቦ ያልተሠራ ቁሌት ዓመቱን በብዙ ቀናት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ በትንንሽ ዕቃ ይከፋፈላል። በሦስት በአራት ቀን ውስጥ የሚፈለገው ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ከጠፋና መቅለጥ ከጀመረ መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም፤ ያን ዕለት ምስር ይሠራበታል።

ለዶሮው ቅዳሜ ማታ የሚቀረው መበለቱና ማጠቡ ነው። አሥራ ሁለቱ ብልት በየተራው ይወጣል፣ በሎሚና በጨው እየታሸ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ያድራል። እሑድ ቁሌቱ ድስት ውስጥ ሲሞቅ ዶሮው ይገባል፤ የእርባታ ዶሮ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፣ የሐበሻ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የወጣው ቁሌት ይበቃዋል። እንቁላሉ በእንግዳው ልክ ይቀቀላል፣ ወጡ እንዲዘልቀው በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ይገባል። ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ወጡ ላይ ሁለት ሰዓት ሳይቆሙ ዶሮ ማቅረብ እንዲህ ይቻላል። ግን ዶሮ የግድ ነው ወይ? የእኔ መልስ አይደለም ነው። እንዲያውም የዶሮ ወጥን የበዓል ክብር መጠበቅ የሚቻለው በየግብዣው ባለመሥራት ነው።

የዘነጋነውን አንድ ምግብ ላንሳ፤ አዚፋ። ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ታጥቦ ይቀቀላል፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ውሃው ይጠነፈፋል፣ ምስሩ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ይደረጋል፤ ግማሹ ሲላም ግማሹ ድፍን ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ደቅቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ ዘይት፣ ጨውና በውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ ይገባበታል። አፍንጫ ድረስ የሚወጣው የሰናፍጩ ኃይል ነው አዚፋን አዚፋ የሚያደርገው፤ ስለዚህ አይሰሰትበት። ቀዝቃዛ ስለሚበላ ከቀኑ ቀደም ብሎ ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፤ ሰው ሦስት ጨምሮ ቢመጣ አንድ እንጀራ መጨመር ነው። ከአጠገቡ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ትኩስ ሽሮ ካለ ትሪው ሞልቷል።

እንዲህ ያለው በየአይነቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሳሪስ እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰፈር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ነው። ሥጋ ከሆነ ማዕዱ ይለያያል። በትልልቅ ድግስ ጊዜ ለሙስሊም ጎረቤቶች በራሳቸው ሰው እንዲታረድና ድስቱ ለብቻ እንዲሆን ይደረጋል፤ የቆየና የሚያኮራ ልማድ ነው። ለእሑድ ምሳ ግን ይህን ሁሉ ማሰናዳት አይቻልም። ምስር፣ ሽሮ፣ አዚፋ፣ ጎመን ከቀረበ ሁሉም በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። እኔ ከየትኛውም ዶሮ ወጥ ይልቅ የዚህ ዓይነቱን ትሪ አከብራለሁ።

የከተማው ኑሮ የራሱ እንቅፋት አለው። ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ እንግዳ የሚጠራበት ቀን የሚወሰነው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በውሃው ተራ ነው። ጄሪካኑና በርሜሉ ካልሞላ ዕቃ በምን ይታጠባል? እንጀራውም እንዲሁ ነው። ሊጡ ተቦክቶ፣ ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ ኩፍ ሲል ነው የሚጋገረው፤ ልክ በዚያ ሰዓት መብራት ከጠፋ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል ይፈጃል፤ በአሮጌ መስመር ላይ ምድጃና ምጣድ ባንድ ጊዜ መሰካት ቆጣሪ ያስጥላል። እንጀራ ከሰፈር ጋጋሪ መግዛት እንደ ነውር ይቆጠር የነበረበት ጊዜ አልፏል። ማለፉም ጥሩ ነው። ጋጋሪዋም ትኖርበታለች፣ ገዢዋም እሑዷን ታገኛለች።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ፣ ከእነዚህም አንዱ ቅርባችን ያለው የጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የኢትዮጵያ ማዕድ ከጠባብ ኩሽና ጋር ተፋጥጧል። በርበሬ ቢቁላላ ኮሪደሩ ሁሉ ያስነጥሳል፤ በግ ቢገዛ የት ይታረዳል? ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ይህን ገምተው በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አስበውለታል፤ ለእርድ፣ ለእንጀራ ጋገራና ለልብስ አጠባ። ሕንፃው ለሌላ ነገር የዋለበት ብዙ ቦታ አለ። የነዋሪዎች ማኅበራት ይህን ቤት ወደ ታሰበለት ሥራ ቢመልሱት ከየትኛውም የጥበቃ መዋጮ ባልተናነሰ ለኑሮ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ሥራውን የሚሠራው ማነው? የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሆነ አሳይቷል። ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም ነበር። በግብዣ ቀን እንግዶቹ ሲስቁ ድምፅዋ የማይሰማው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፤ ጓዳ ናት። «ነይ እንጂ ተቀመጪ፣ አፈር ስሆን» ትባላለች፤ ብትቀመጥ ግን ወጡን ማን ያወጣል? ግብዣ ቀላል የሚሆነው የምግብ ዓይነት ስለ ቀነሰ ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ሥራ ቤተሰቡ ሲካፈለው ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሽንኩርት መክተፉን ያየች አንዲት ዘመዷ «ወንዱን ልጅ ጓዳ አስገባሽው?» ብላት ነበር። መልሷ አጭር ነበር፤ «ይበላ የለም እንዴ!»

ባልየውስ? እሱ ገበያ ይወጣል፣ በርሜል ይሞላል፣ እንግዶቹ ሲመጡ እጅ ያስታጥባል፣ ቡናውን ይቆላል። ቡና የሚቆላ ወንድ ብርቅ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬም ገና አልተለመደም። እኔ በዚህ ነገር ላይ የምሰጠው ፍርድ ለስላሳ አይደለም፦ ሚስቱ ጓዳ ቆማ እየዋለች ጓደኞቹን የሚጠራ ሰው እንግዳ ተቀባይ ሊባል አይገባውም።

ሸክሙን ለሰፈር ማካፈልም የኖረ ጥበብ ነው። ማኅበሩ በወር በወር ከቤት ቤት ይዞራል፤ አንዱ ሲደግስ ሌላው ያርፋል። ዕድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን አለው። ለበዓል በሬ በቅርጫ ይታረዳል፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን አሥር ቤተሰብ ይችለዋል። ባዶ እጅ ወደ ሰው ቤት አለመሄድ ደግሞ ከልጅነታችን የተማርነው ነው። ታዲያ ሁልጊዜ ሙዝና ብርቱካን ብቻ ለምን? ለሚቀርቡን ሰዎች «ሽሮውና አዚፋው ከእኔ፣ ጎመኑን አንቺ ይዘሽ ነይ፣ እንጀራ ከእናንተ» ማለት ነውር የለውም። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቀድመው ለምደውታል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ሽንኩርቱን በማሽን ፈጭቶ፣ ቁሌቱን በአንድ ቀን ሠርቶ ፍሪዘር ይከታል፤ እሑድ ሲገናኙ እያንዳንዱ አንድ አንድ ድስት ይዞ ይመጣል። እዚያ ያስገደዳቸው ሰዓት ነው። ዛሬ ያው ሰዓት ሳሪስ ደርሷል።

ይህም ከከበደ ቡና አለ። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምትጠጣው ራሷ ናት፤ የሚጠጣውም በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ቤቶች፣ በትንሽ ስኒ፣ ከጎረቤት ጋር ነው። ለቡና እንግዳ ማንም አዲስ ሶፋ አይገዛም። ፈንዲሻ ወይም ቆሎ፣ ካለ አንድ ዳቦ፣ ትንሽ ዕጣን ይበቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ሥራ ይጠቆማል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣሉ ይታረቃሉ። አንዳንድ ቤት ሦስቱን ለመጠጣት ጊዜ የለም፤ አቦሉን ጠጥቶ መነሳትም ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚሉት ስለዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

ጠዋትም አለ። ልጆች ያሉት ቤተሰብ እራት ሲጠራ ልጆቹ እንቅልፍ ይይዛቸዋል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላም ከሳሪስ ወደ ሩቅ ሰፈር ታክሲ ማግኘት ያስጨንቃል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለቁርስ መጥራት ግን ይቀላል። ጨጨብሳ ዱቄትና ውሃ ነው፤ ቂጣው ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል፣ በጾም ቀን በዘይት ይሆናል። ወይም ቅንጬ፣ ወይም ትናንት የተረፈው እንጀራ ፍርፍር። ከቁርሱ በኋላ ቡና ይፈላል፤ በአምስት ሰዓት እንግዳው ይሸኛል፤ የቀረው ቀን የቤተሰቡ ነው። ከሁሉም ይህን ዓይነቱን ግብዣ ነው የምመክረው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ የቤቱ እናትም ትቀመጣለች።

ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። በዚህ ቅዳሜ ሽንኩርት ስትገዙ ሁለት ኪሎ ጨምሩ፤ ወንድ ልጅ ካላችሁ መክተፊያውን ስጡት። ቁሌቱን ሠርታችሁ በሦስት ዕቃ አስቀምጡ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያልጠራችሁትን አንድ ሰው ደውሉለትና «እሑድ ጠዋት ና፣ ምንም የለም፣ ቁርስ ብቻ» በሉት። ፋሲካን አትጠብቁ።